ሦስት ሲዲ የነሱ፣ ሦስት ሲዲ የኛ

ልጅ እያለሁ ሙዚቃ እፈራ ነበር። በቤታችን መኪና ውስጥ ሙዚቃ ሲከፈት ጠብም አብሮ ይከፈታላ! መኪናዋ ነጭ ኮሮላ ነበረች፤ የአባዬና የታላቅ ወንድሙ የጋሽ ወልዴ የጋራ ንብረት። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አለፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ሠርተን እንኖር ነበር። ሱቃቸውም አንድ ነው፤ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ። የጋሽ ወልዴ ልጅ ሰናይት እኩያዬ ናት። አንድ ክፍል እንማራለን፣ በክረምት በአንድ ጃንጥላ እንሄዳለን፣ ሲመሽ በየስማችን ተጠርተን ካልተለያየን በቀር አንለያይም።

ጠቡ የጀመረው አባዬና እማዬ ጴንጤ በሆኑ ዓመት ነው። ጋሽ ወልዴ ነገሩን እንደ ክህደት ቆጠሩት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስላለ ዝም ይባላል፤ ግቢ ውስጥ ጎረቤት ስለሚሰማ ዝም ይባላል። መኪና ውስጥ ግን መስኮቱ ይዘጋና የታፈነው ሁሉ ይወጣል። ያኔ የነበረን ካሴት ማጫወቻ ነው። አንዱ የከተተውን ካሴት ሌላው አውጥቶ ወደ ኋላ፣ እኛ ጭን ላይ ይወረውረዋል። በመጨረሻ ማጫወቻው ራሱ የሁለቱንም ካሴት እያኘከ ክሩን አንጀት አንጀቱን ይተፋ ጀመር።

ሲዲ ቼንጀር እናስገባ ያለው አባዬ ነው። ስድስት ሲዲ በአንዴ ይይዛል፤ ሦስቱ የነሱ፣ ሦስቱ የኛ ይሆናል፤ ማንም የማንንም አይነካም። እማዬ ይህን ሰምታ በአፍንጫዋ ሳቀች።

ሊመርጡ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ እኔንና ሰናይትን አስከትለው ነበር። የተቃጠለ ዘይትና የአሮጌ ጎማ ሽታ አፍንጫችንን እየሰነፈጠው፣ ከጣሪያው ስፒከር በተንጠለጠለበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆምን። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣ። አንደኛው ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠም ነው፤ ሲዲዎቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። ሌላው የብረት ሳጥን ሆኖ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይታሰራል፤ ሲዲዎቹ በአንድ መያዣ ተደርድረው ይገቡለትና ፊት ካለችው ቁልፍ ይታዘዛል።

አባዬ የፊቱን ወደደ። «ሲዲ ልቀይር ብዬ መኪና አቁሜ ከኋላ ልዙር እንዴ? ፊት ለፊት የሚታይ ነገር ይሻላል።»

«ሌባ የሚጠራው እኮ የሚታየው ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ከኋላ ያለውን ማንም አያየውም።»

«አንተ ድሮም የተደበቀ ነገር ትወዳለህ።»

«ሃይማኖቱን ተደብቆ የቀየረው ማን ሆነና?»

ሻጩ የሚወለውልበትን ጨርቅ እንደያዘ ቀረ። «ጋሼ፣ እኔ ሁለቱንም ነው የምሸጠው» አለ ቀስ ብሎ። ሰናይት እጄን ጭምቅ አደረገችው። የኋላው ተገዛ፤ ተስማምተው ግን አልነበረም። አባዬ በንዴት ከሱቁ ወጥቶ ስለሄደ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ ሽቦውን ከምንጣፉ ሥር አሳልፎ ሳጥኑን አሰረና አጠቃቀሙን አሳየን። የሲዲው ጽሑፍ ወደ ላይ ይሆናል፤ መያዣው «ቀጭ» እስኪል ይገፋል። «ታዲያ አቧራና ጉድጓድ አይወድም» አለ። የኮልፌን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲል መሳቅ ነበረበት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ከአንድ እስከ ሦስት የጋሽ ወልዴ ሆነ፦ በከበሮ የሚዘመር መዝሙር፣ የጉራጊኛ ዘፈን፣ የድሮ አማርኛ ዘፈን። ከአራት እስከ ስድስት የአባዬ ሆነ፤ ሦስቱም በኦርጋን የታጀበ የጸሎት ቤታቸው መዝሙር። አንዱ «ሁለት»ን ሲጫን ሌላው እጁን ሰዶ «አምስት»ን ይጫናል። ከኋላችን ሳጥኑ ግር ግር ይልና ሲዲውን እስኪቀይር መኪናው ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሁለቱ ወንድማማቾች ትንፋሽ ይሰማ ነበር። እኔና ሰናይት ቀጥሎ የማን እንደሚመጣ በጣታችን እንወራረድና ሳቃችንን በነጠላችን እናፍነዋለን። እንዴት እንስቅ እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል። ልጅ ነበርን።

አንድ ቀን የአባዬ መዝሙር አንዲት ቃል ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። አውጥቶ ሲያየው ምላጭ የሄደበት የመሰለ ጭረት አለው። ይዞት ወደ ጋሽ ወልዴ በር ሄደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? መንገዱን ጠይቀው» አሉና በሩን ፊቱ ላይ ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሚነጋገሩት መኪና ውስጥ ብቻ ሆነ፤ እሱም በቁልፍ።

ለመስቀል አገር ቤት መውረድ ግን አይቀርም ነበር። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ጨርቃ ጨርቁ ከኋላ ተጫነ። አባዬ ይነዳል፣ ጋሽ ወልዴ ከጎኑ ናቸው፤ እኛ ከነእናቶቻችን ከኋላ ተደራርበናል። የከተማውን ቆሻሻ መጣያ ቆሼን ስናልፍ ለሽታው መስኮት ዘጋን፤ ካለፍን በኋላም የሚከፍት አልተገኘም። ሰበታን እንዳለፍን አባዬ «አራት»ን ተጫነ። ሳጥኑ ግር ግር አለና የጉራጊኛ ጭፈራ ለቀቀ። «አምስት»ን ተጫነ፤ ከበሮ። «ስድስት»ንም ሞከረ፤ እሱም የጋሽ ወልዴ ነው።

«ሲዲዎቼ የት አሉ?»

«ቤት ናቸው» አሉ ጋሽ ወልዴ መንገዱን እያዩ። «በዓሉ መስቀል ነው። ዛሬ የኔን ትሰማለህ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ታላቅህ ነኝ።»

አባዬ መኪናዋን ከመንገድ አውጥቶ አቆማት። ወርዶ የኋላውን ከፈተ፤ ስኳሩን ገፋ አደረገና ሳጥኑን ከነሽቦው መነጨቀው። ጭፈራው መሃል ላይ ተቆረጠ። ሳጥኑን ሣሩ ላይ ወረወረው። ጋሽ ወልዴ ዞረው መጥተው በጥፊ ሲሉት ሚዛኑን ስቶ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። እናቶቻችን ጮኹ። እነሱ በጉራጊኛ ይሰዳደባሉ፤ እኔና ሰናይት ግማሹ ብቻ ይገባናል፤ የገባን ግማሽ በቂ ነበር። አባዬ ተነሣና የመጨረሻውን ሁላችንም እንድንሰማው በአማርኛ ተናገረው፦

«ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም።»

ጋሽ ወልዴ አውቶቡስ አስቁመው ሚስታቸውንና ሰናይትን አሳፈሩ። ሰናይት ለበዓል የተገዛላትን ጫማ አንዱን እግር እኛ መኪና ውስጥ ትታው ነበር፤ ከአውቶቡሱ መስኮት እግሯን እያመለከተች ትጮኻለች፤ ድምፅዋ አይሰማኝም። እኛ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። በዚያ ዓመት መስቀል የሚባል ነገር ቤታችን አልገባም።

ከበዓሉ በኋላ ሱቁ ተከፈለ፣ መኪናዋ ተሸጠች፣ ግቢያችን መሃል የብሎኬት አጥር ተነሣ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሰናይትን ከወዲያ ማዶ ጠራኋት። «አባቴ ካንቺ ጋር እንዳላወራ አስምሎኛል» አለችኝ። የምታላግጥ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ቤታቸውን ሸጠው ሳንሱሲ ሰፈር ሲገቡም አልተሰናበተችኝም።

ጋሽ ወልዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፉ። አባዬን እንሂድ አልኩት፤ «ሄጄ ምን ልበል?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብቻዬን ሄድኩ። ሰናይት ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፤ ልስማት ስጠጋ አልተነሣችም።

«አባትሽ፣ ጋሽ ሽብሩስ?» አለችኝ።

«አሞት ነው።»

«ለቅሶ ቤት መጥተሽ አትዋሺ» ብላ ከጎኗ ላለችው ሴት ቦታ እንድትለቅላት ምልክት ሰጠቻት፤ ከኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

የዛሬ መኪና ሲዲም አይፈልግ፤ ስልኬ ውስጥ የዓለም ዘፈንና መዝሙር ሞልቷል፤ ቦታ ጠበበ ብሎ የሚጣላ የለም። ልጆቼ ከኋላ እያንዳንዳቸው ጆሯቸው ላይ የየራሳቸውን ሰክተው ይቀመጣሉ። አባዬ አርጅቷል፤ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ቆመን ሳለ፣

«አባዬ፣ ምን ልክፈትልህ?» አልኩት።

«የፈለግሽውን ክፈቺ» አለኝ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። «ለኔ ሁሉም አንድ ነው።»

ፊት ያለው መኪና መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ከኋላ ክላክስ ይጮሁብኛል። እኔ መሪውን ጨብጬ አባቴን አየዋለሁ። ሽማግሌ አባት ላይ መጮህ ነውር ነው፤ ንዴቴን ዋጥ አደረግሁት። ግን ይህችን አንድ ቃል ያን ቀን፣ ሰበታ ማዶ፣ ለወንድሙ ብሏት ቢሆን ኖሮ ሰናይት ዛሬ ስልኬን ታነሣልኝ ነበር።