ከተቃጠለው ተራራ የመጣ አደይ

የእህቴ ልጅ ትዕግስት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እትዬ፣ ይዩት እስቲ! ባለፈው በጋ የተቃጠለው ተራራ አበባ በአበባ ሆኗል። ነገ መኪና ተከራይተን ከደባርቅ ወደ ላይ ልንወጣ ነው፤ አብረውን ይሄዳሉ» አለችኝ።

«እግሬን ያመኛል» አልኳት። እግሬስ ደህና ነው፤ ዳባት ገበያ ደርሼ እመለስበታለሁ።

በልጅነቴም ይኸው ተራራ ተቃጥሎ ነበር። ያኔ ከደባርቅ በታች ባለ መንደር እንኖራለን። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እርሻውን የያዘው ታላቅ ወንድሜ አስማረ ነው። ሥራ የማይፈራ፣ ቀልደኛ፣ እኔን «ነገረኛዋ» እያለ የሚያበሽቀኝ። አልተሳሳተም።

ሚያዝያ ላይ ተራራው ተያያዘ። ማን እንደለኮሰው እግዜር ይወቀው። ኡኡታው ሲሰማ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ቅርንጫፍ ቆርጦ ወጣ፤ አስማረም የአባታችንን መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ጭሱ ሰፈራችን ድረስ ወርዶ የምንበላው ሁሉ ጭስ ጭስ ይለን ነበር። እሳቱ ጠፍቶ ሰው ሲመለስ ወንድሜ የለም። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ግን «ጭሱ ሲበረታ ወደ ቆላው ሲወርድ ያየሁት መሰለኝ» አለ። ይቺ «መሰለኝ» ናት ጉድ የሠራችን።

አስማረ ቆላ ወርጄ ሰሊጥ አጨዳ ልሥራ ማለት ያበዛ ስለነበር እናቴ ይቺን ቃል የሙጥኝ አለች። ጎረቤት ለለቅሶ ሲመጣ «በቁሙ አታልቅሱበት!» ብላ በሩን ዘጋችበት። የንስሐ አባታችን ሊመክሯት ቢመጡ «አባ፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ያደርሳሉ እንዴ?» አለቻቸው። ክረምቱ ሲገባ መሬቱን ለእኩል የሚያርስልን ሰው ተገኝቶ ነበር፤ «ባለቤቱ ሲመጣ ምን ልለው ነው?» ብላ መለሰችው። መሬታችን ጾሙን አደረ፤ ጎተራውም ተሟጠጠ። እኔ አንዳንዴ አምናታለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እናቴን እጠላታለሁ። ስለራበኝ ነው።

መስከረም ላይ የተቃጠለው ተራራ አበበ ሲባል የደባርቅ መምህራን በደመራ ዕለት ጠዋት ሊያዩት አንድ አይሱዙ ተኮናተሩ፤ የአንዱ መምህር እህት ጓደኛዬ ነበረችና እኔንም አሳፈረችኝ። ስወጣ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ችቦ ታስራለች። በእኛ ዘንድ ለቤቱ ወንድ ሁሉ ችቦ ይታሰራል፤ የእኛ ቤት ወንድ ደግሞ አንድ ነው።

«ለወንድምሽ ችቦ አደይ ይዘሽልኝ ነይ፤ ጥሩ ጥሩውን» አለችኝ።

መኪናው ጠመዝማዛውን እያቃሰተ ወጣ። ላይ ስንደርስ የአስታው ዛፍ ከስሎ ጥቁር ግንዱ ብቻ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን ምድሩ ቢጫ ነው። ጥላ የሚሆነው ስለተቃጠለ አበባው ፀሐይ እንደ ልቡ አግኝቶ ነው አሉ። እልል ተባለ። መምህራኑ ድፎ ዳቦ ቆረሱ፤ ጠግቤ በላሁ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ወንድሜንም ረሳሁት።

ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ አደዩ ወገብ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ጥሩ ጥሩውን ስላለችኝ ወደዚያው ወረድኩ። ክንዴ እስኪሞላ ቀጠፍኩ። እግሬን ብረት ነካኝና ጎንበስ ብዬ አበባውን ገለጥ አደረግኩት። እጀታው የተቃጠለ መጥረቢያ። አባቴ ድንጋይ መትቶበት የሸረፈው ጫፉ ያው ነው። አጠገቡ አጥንት ነበረ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሾፌሩ ሮጦ መጣ፤ አየና ጋቢውን አወለቀ። «ዞር በይ እህቴ» አለኝ፤ እየለቀመም ጋቢው ላይ አኖረው። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ደጃችን ድረስ አደረሰን።

እናቴ ችቦውን አስራ ጨርሳ ደጅ ቆማ ነበር። ጋቢውን አየች፤ መጥረቢያውን አየች። ለካ እኔ አበባውን አልጣልኩትም ኖሯል። ከእጄ ወሰደችና ችቦው ላይ አሰረችው፤ ቀስ ብላ፣ አንዲት እንኳ ሳታረግፍ። ከዚያ ችቦውን ጋቢው አጠገብ አጋደመችው። ጎረቤቱ ደመራ ሊወጣ የክት ልብሱን ለብሶ በየደጁ ቆሟል።

«በሉ፣ አሁን አልቅሱልኝ!» አለች።

ያን ዓመት ዘመድ በሰፈረልን እህል ከረምን። ያልታረሰው መሬታችንም ከዳር እስከ ዳር አደይ ለብሶ ነበር። መንገደኛው ቆም ብሎ «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ እኔ በሆዴ «ምነው ገብስ በሆነ» እላለሁ።

ትዕግስት ስልኳን እንደያዘች ትጠብቀኛለች። ልጅቷ ምን አጠፋች? አበባውስ ቢሆን?

«ያምራል» አልኳት። እውነትም ያምራል።

«እንግዲያው ለደመራ አደይ ላምጣልዎ?»

«አምጪልኝ። ከመንገድ ዳር ቅጠፊ፤ ከተቃጠለው ቦታ ግን አንዲትም እንዳትነኪ።»