አባቴ ለእኔ ያልነገረኝ ሕመም

ይህ የሆነው አምና ሰኔ ላይ ነው። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ስለ እሱ ሳስብ ግን ከቀብሩ ይልቅ ቀድሞ የሚመጣብኝ፣ አርባ ምንጭ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያሳለፍነው ያ ረፋድ ነው።

አባቴ የካምባ ወረዳ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። የፕሮስቴት ካንሰሩ ወደ አጥንቱ ሲሰራጭ፣ አርባ ምንጭ አስተማሪ ሆኜ ወደምኖርበት ቤቴ አመጣሁት። የዚያን ቀን ጠዋት ከአልጋው መነሳት አቃተው። ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው ባጃጅ ላይ አወጡልኝ። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ጋቢውን ይነክሳል፤ ድምፅ ግን አላወጣም።

አባቴ አማርኛ ብዙም ስለማይናገር በጋሞኛ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ “አባባ፣ ምንም ሕመም ከሌለ ዜሮ፣ ጭራሽ የማይቻል ከሆነ አሥር ብንል፣ የእርስዎ ስንት ነው?” አለችው።

ጥያቄውን ነገርኩት። እኔን አየት አድርጎ፣ “ሁለት” አለ።

“ሁለት ነው ይላል” አልኳት።

ነርሷ የአልጋውን ብረት ጨብጦ የያዘበትን እጁን አየች። “ፊታቸው ሁለት አይልም” አለች ቀስ ብላ። ከዚያ፣ “እህቴ፣ እስቲ ካርድ ክፍል ሄደሽ የቀድሞ ካርዳቸውን አስወጪልኝ” ብላ ላከችኝ።

ስመለስ ከመጋረጃው ጀርባ የአባቴን ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያለች የፅዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እጁን ይዛ በጋሞኛ ታናግረዋለች። አባቴ እያለቀሰ ነበር። እናቴን ስንቀብር እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም።

“እሷ ባለችበት አልናገርም” ይላታል። “እናቷን እስክትሞት ያስታመመቻት እሷ ናት። አሁን ደግሞ የእኔን ስቃይ ልጨምርባት?”

ሴትየዋ ወደ ነርሷ ዞር ብላ በአማርኛ፣ “ሲስተር፣ አሥር ነው ይላሉ። እንቅልፍ ካዩ አራት ቀናቸው ነው። ልጄ እንዳትሰማ ብለው ነው የደበቁት” አለቻት።

ካርዱን እንደያዝኩ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። እነዚያን አራት ቀናት እኔ የተኛሁት ከክፍሉ አጠገብ ነበር። ዝም ሲል ተኝቷል እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐኪሙ መጥቶ አየውና ሞርፊን የሚባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ አዘዘለት። እኔ ደነገጥኩ። “ሞርፊን ተስፋ ለሌለው ሰው የሚሰጥ አይደል እንዴ?” አልኩ።

ነርሷ አልተቆጣችኝም። “የምንሰጣቸው ስለሚሞቱ አይደለም፣ ስለሚያማቸው ነው። መጠኑን እየተከታተልን ነው የምንሰጠው፤ አትፍሪ” አለችኝ።

በደም ሥሩ ቀስ እያለች ሰጠችው። ትንሽ ትቆይና ትጠይቀዋለች፤ የፅዳት ሠራተኛዋም ሥራዋን ትታ ታስተረጉማለች። አሁን እኔም ፊቱ ቆሜ ነበር፤ አልደበቀም። መጀመሪያ ሰባት አለ። ቆይቶ ሦስት። ብረቱን የጨበጡት ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ዓይኑን ገልጦ፣ “ቁርስ በልተሻል?” አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ከሦስት ቀን በኋላ የሚጠጣ ሞርፊን ተሰጥቶን ወደ ቤት ተመለስን። አባቴ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖረ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሲብስበት ግን ይነግረኛል፣ ሆስፒታል ወስጄ አሳየዋለሁ። ግቢ ወጥቶ ተቀምጦ ስለ ልጅነቱ ያጫውተኝ ነበር። እንዴት እናቴን ለማየት ብሎ በየሳምንቱ ገበያ ይወጣ እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

የፅዳት ሠራተኛዋን ለማመስገን ሄጄ ነበር። “እኔ ምን አደረግኩ?” አለችኝ እየሳቀች። “የተናገሩት አባትሽ ናቸው። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው እንጂ።”

ስለ እነዚያ አራት ቀናት መጀመሪያ ላይ ራሴን በጣም ወቅሼ ነበር። አሁን ግን ከጸጸቱ ምስጋናው ይበልጥብኛል። አባቴ እኔን ለማዳን ብሎ ብቻውን ሊሸከመው የነበረውን ሥቃይ ሁለት የማያውቁን ሴቶች አወረዱለት። ለእኔም ከአባቴ ጋር እየተጫወትኩ የምሰነባበትበት አምስት ወር ሰጡኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።