የአክስቷ ዶሮዎችና ያልተለቀለቀው ብልቃጥ

ጆሮ ያለህ ስማ፣ የሌለህ ተዋስ! ቁመቷ ከምትሠራበት ጠረጴዛ እምብዛም የማይበልጠው፣ በመሥሪያ ቤቷ «እመት ያለቅልቁ» የምትባለው የእንስሳት ቫይረስ መርማሪ ከዛሬ ጀምሮ ከታላላቆች ተርታ ተሰይማለች!

ቅጽል ስሙ የወጣላት በአክስቷ ዶሮዎች ሰበብ ነው። ዶሮዎቹ ጉንፋን ያዛቸው። ይወገዱ ወይስ ይኑሩ? መልሱ ያለው ቫይረሱ ዘንድ ነው። ይህ አገር ያስጨነቀ ጉልበተኛ ግን ራሱን ችሎ ሕዋስ ውስጥ መግባት እንኳ አይሆንለትም፤ ፕሮቲኑን የሚቆርጥለት መቀስ፣ ማለትም ኢንዛይም፣ ከዶሮዋ መለመን አለበት። የሚቆርጥለት የጉሮሮና የአንጀት መቀስ ብቻ ከሆነ እዚያው ተወስኖ ይቀራል። በየአካሉ የሚገኘው መቀስ ከቆረጠለት ግን ልብ አይል አንጎል አይል፣ ሁሉንም ይወርሳል።

ስለዚህ ቫይረሱ የአንጀቱ መቀስ በሌለበት፣ ብልቃጥ ውስጥ ባደጉ ሕዋሳት ላይ ይሞከራል። ከተራባ ለዶሮዎቹ ወዮላቸው።

ተራባ!

ደረቱን ሳይነፋ ደህና ዋሉ የማይለው ኃላፊዋ ወዲያው ፈረደ፦ «በቃ፣ አንድም እንዳይተርፍ!»

አክስቷ በስልክ ጮኸች። «አንቺ! አዝዬ ባሳደግሁሽ ዶሮዎቼን ልታስፈጂ?»

ልጅቷ ብልቃጡ ላይ እንዳፈጠጠች ክው አለች። ሕዋሳቱን ከቀድሞው ብልቃጥ ያላቀቀችው በዚያው በአንጀት ኢንዛይም ነበር፤ ቸኩላ ሳታለቀልቅ በአዲሱ ብልቃጥ ዘራቻቸው። መቀሱን ለቫይረሱ ያቀበለችው ራሷ ናት!

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይደገም።»

«የአክስትሽ ጠበቃ ሆንሽ?»

«እንግዲያው እርስዎ በእጅዎ ይሥሩት። እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ኃላፊው እያጉረመረመ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ያለቅልቁ!» አለችው።

«አለቀለቅሁ እኮ!»

«ይድገሙት! አሁንም ያለቅልቁ!»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት።

ውጤቱ ደረሰ። ለማነጻጸር መቀስ በተጨመረበት ብልቃጥ ቫይረሱ ጨፈረ፤ በሌለበት ደጅ ቆሞ ቀረ። ዶሮዎቹም ተለይተው ይታከሙ ተባለ።

አክስቷ ደስታዋ ወሰን አጣ። ጉረኛውን አውራ ዶሮ በኃላፊው ስም ጠራችው፤ «ይጮኻል እንጂ እንቁላል ጥሎ አያውቅም» እያለች። ሰውየው ይህን ገና አልሰማም። አንባቢ ሆይ፣ መንገድ ላይ ደረቱን ነፍቶ ካገኘኸው፣ አደራህን፣ ቀስ ብለህ ጠጋ በልና…