ግልገሏን አልሰጥም ያለው አብዶ

አብዶ ቱሳ ተወልዶ ያደገው ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ጫካ ዳር ነው። ደኑ ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ቤትና መሬቱን አጣ። ዛፎቹ ሲወድቁ የረገፉትን ጉሬዛዎች መንጣሪዎቹ በዱላ ጨረሷቸው፤ የተረፉትን ሁለቱን አሰላ አምጥተው በመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ በሽቦ አጠሩባቸው። አብዶም ጠባቂያቸው ሆኖ ተቀጠረ።

«እኔንም እነሱንም ከአንድ ጫካ ነቀሉን» ይል ነበር፣ ጥርሱን ነክሶ።

እንስቷ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም ሞተውባታል። የግቢው ኃላፊ ጓድ መርሻ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግልገሎቹን ከእቅፏ እያስነጠቀ ያስጎበኝ ነበር። በሰባ ስድስት ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሦስተኛዋን ወለደች፤ እንደ ባዘቶ የነጣች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ መኪኖች በሩ ላይ ቆሙ። መርሻ እየሮጠ መጣ።

«አብዶ! ያቺን ግልገል በቅርጫት አምጣት! እንግዶቹ አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ!»

«ጓድ መርሻ፣ ካቻምናም አምናም እንዲሁ ሲያደርጉ ግልገሎቹ ሞቱ። ይተዉ።»

«ትእዛዝ ነው! ወይስ አሻጥረኛ ነህ?»

የአብዶ ደም ፈላ። «እርስዎ» ማለቱን እዚያው ተወው።

«አሻጥረኛስ አንተ! ጫካውን ጨረሳችሁ፣ እኔን ከቤቴ አወጣችሁ፣ አሁን ደግሞ የዘጠኝ ቀን ነፍስ ከጡት ላይ ትነጥቃለህ?»

የሽቦውን በር ቆለፈና ቁልፉን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው።

እንግዶቹ ደረሱ። እናቲቱ ልጇን አቅፋ ስታጠባ በሽቦው ማዶ አይተው ተደሰቱ፤ መርሻም እየሳቀ አስተረጎመላቸው። በማግስቱ አብዶን አሰሩት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ሚስቱ ጠይባ ከዘበኛው ጋር እየተጣላች በየቀኑ ቅጠል ተሸክማ እየገባች ለጉሬዛዎቹ በሽቦው ቀዳዳ አሾለከችላቸው። ሲፈታ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ ግቢው ነው ያመራው። ግልገሏ አለች፤ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ጠጉር ማብቀል ጀምራለች። ሽቦው ላይ ግን አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «በጓድ መርሻ ያላሰለሰ ጥረት የተወለደች»።

አብዶ ሰሌዳውን ገንጥሎ በጉልበቱ ሰበረው። ዘበኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ሥራውን አልመለሱለትም። ዴራ ወርዶ ከወንድሙ ጋር ከብት መነገድ ጀመረ። አንድ ቀን መርሻ መኪናውን አቁሞ እጁን ቢዘረጋለት፣ አብዶ የራሱን እጅ ወደ ኋላው አድርጎ ቆመ።