ከጠበሉ በፊት ኪሴ ውስጥ የነበረችው ሪሌይ

ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅ፤ ለነፍስ አባቴማ እንዴት ብዬ? ለምን እንደማልችል ስትደርሱበት ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ጥፋቴን አታቅልሉልኝ። እኔ ሰርቄአለሁ፤ የሰረቅሁትም የሰው ደስታ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ጋሽ አድማሱ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከሟች ወንድማቸው የወረሷትን መኪና በአይሱዙ አስጭነው አመጡልኝ። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ የጣሊያን የእሽቅድምድም መኪና ናት። ገሳይ ከተማ፣ ገለባ ቤት ውስጥ ስንት ክረምት ተዘግቶባት፣ ከወንበሯ ሥር ዶሮ እንቁላል ጥላባት ነበር። «ልጄን ትርንጎን የምድራት በዚች መኪና ነው» አሉኝ። ትርንጎ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሰርጓም ከፋሲካ በኋላ ነበር።

ሞተሩን አወረድኩት። ፒስተኑን፣ ቫልቩን፣ ካርቦሬተሩን ፈታትቼ አጠብኩ፤ የጠፋውን ዕቃ ከባሕር ዳር አስመጣሁ፣ ያልተገኘውን ራሴ ሠራሁ። ከሞተሩ የባሰው ግን ኤሌክትሪኩ ነበር። አይጥ ሽቦውን ቆርጥሞታል፣ የተረፈውም ቀለሙ አይለይም። ከባትሪው ተነስቼ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ሪሌዮቹ ሄድኩ። ሪሌይ ማለት የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ከቁልፉ ትእዛዝ ተቀብላ አንዷ ለመብራቱ፣ አንዷ ቤንዚኑን ለሚለኩሰው ካንዴላ ኤሌክትሪክ ታቀብላለች። የካንዴላዋ ከሌለች ከተማው ተሰብስቦ ቢገፋም ሞተሩ አይነሳም።

ተነሳች! እናንተ፣ ያን ድምፅ ብትሰሙት! ለሙከራ ብዬ በገሳይ መንገድ ወጣሁባት። ከጉና የሚወርደው ብርድ ፊቴን እየገረፈኝ እዘፍን ነበር። ገበያተኛው ቆሞ ያጨበጭባል፣ በቅሎው ይደነብራል፣ የእኔ ልብ ደግሞ ያብጣል። በማግስቱም ሞከርኳት። በሳልስቱም ሞከርኳት። የሚሞከር ነገር ካለቀ በኋላም ሞከርኳት።

ጥፋቱን የሠራሁት ጋሽ አድማሱ ሊወስዷት ሲመጡ ነው። የካንዴላዋን ሪሌይ ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። ማን አስገደደኝ? ማንም። እኔ ነኝ የነቀልኳት፤ እኔ ነኝ «ኤሌክትሪኩ አስቸገረኝ ጋሼ፣ አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል፤ ሽቦውን ልከታተለው» ያልኩት። አንድ ሳምንት ብቻ ከእኔ ጋር ትሰንብት ብዬ ነበር፤ ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ወለደ። እሳቸው ሲመጡ ሪሌይዋ ኪሴ፣ ሲሄዱ ቦታዋ። ቁልፉን ሲያዞሩ ማስነሻው ሞተሪኖ ይጮኻል፣ ሞተሩ እምቢ። አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ እያየሁ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሻይ ልጋብዝዎ ጋሼ» እላለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። «ይቺን መኪናማ ዓይን በልቷታል! ያገር ሰው ቆሞ እያያት እንዴት ትነሳ?» ብለው፣ በሰርጉ ዋዜማ መምሬ ካሴን ከነመስቀላቸው፣ ጠበሉን በጀሪካን አስይዘው ጋራዤ ከች አሉ። መምሬ ካሴ የእነሱም የእኔም የነፍስ አባት ናቸው። አሁን ገባችሁ?

ኮፈኑ ተከፈተ። መምሬ ጸሎቱን አድርሰው ጠበሉን ሞተሩ ላይ ያወርዱት ጀመር።

«አባቴ፣ ኧረ ሽቦው ላይ አይሁን!» ብዬ ጮህኩ።

«የሚጮኸው አንተ ነህ ወይስ ሰይጣኑ?» አሉና አንድ እፍኝ ፊቴ ላይ ለቀቁብኝ።

ውሃውን ስጠርግ ጋሽ አድማሱን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ «ብቻ ትነሳልኝ እንጂ ለታቦቱ ጃንጥላ አገባለሁ» እያሉ ይሳላሉ። በራሴ አፈርኩ። አፍሬም እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም፤ ሽቦውን የማደርቅ መስዬ ጎንበስ አልኩና ሪሌይዋን ቦታዋ መለስኳት። «እስቲ ይሞክሯት ጋሼ» አልኩ።

ተነሳች። እልልታው የጋራዡን ቆርቆሮ ሊያነሳው ደረሰ። መምሬ ካሴ እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ዕድሜ ልኬን ጠበል ስረጭ እንዲህ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አየህ ልጄ፣ የሰው እጅ ብቻውን አይበቃም» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። ሪሌይዋን መንቀሌ አንድ ኃጢአት ነው፤ ያ አሜን ግን ይብሳል።

ትርንጎ በቀይዋ መኪና ተዳረች፣ ጃንጥላውም ገባ። ከዚያ ወዲህ እምቢ ያለ መኪና ሁሉ ከእኔ በፊት መምሬ ዘንድ ይወሰዳል። ገበያዬን ወሰዱብኝ ብዬ ማንን ልክሰስ? ይበለኝ! ጾም በገባ ቁጥር ልናዘዝ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ገና መስቀሉን ሳያሳልሙኝ «ያቺ መኪና እንዴት ናት?» ብለው ፊታቸው ይበራል። ያንን ፊት እያየሁ እንዴት ልናገር? ሐሜቴንና ቁጣዬን ተናዝዤ እመለሳለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ አድማሱ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ መንዳት ትተዋል። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ «ውሰዳት፣ ያንተ ናት። ካንተ የተሻለ ታማኝ ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። ታማኝ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘኋት መኪና ይቻትና ደጄ ላይ ቆማለች፤ የእኔ ናት ለማለት ዝም ማለት ብቻ ይበቃኛል። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ።

አይሆንም። ቁልፉን መልሼ፣ ከእግራቸው ሥር ወድቄ እናገራለሁ፤ ከዚያ መምሬ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣንማ ያን ዕለት ያለ ጥፋቱ ተጠምቋል። እኔው ነኝ። በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ።

የጋሽ አድማሱ ቤት ከጋራዤ ቅርብ ነው፣ በእግር ይደረሳል። መኪናዋን ግን ነድቼ ነው የማደርስላቸው፤ በገሳይ መንገድ ትንሽ ዞር ብዬ። እሱንም አብራችሁ ይቅር በሉኝ።