አንድ ማኪና ላይ አብረን አንሳፈርም

ስለ ስጋት አያያዝ የተማሩ ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። ሸጋ ያወራሉ። እነሱ ከወፍራም መጽሐፍ ያገኙትን እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ በገዛ ጭንቅላቴ ነው የደረስኩበት። ጎንደር ውስጥ እንደኔ ዕቃ ማከፋፈል የሚችል ነጋዴ ካለ ይምጣ፣ ምሳ ልጋብዘው። ሂሳቡን ግን እሱ ይክፈል።

ንግዱ የሁለት ሰው ነበር፤ የእኔና የአያ። አያ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው፤ በመልክ እኔ እበልጠዋለሁ። አባቱም አያቱም ጎንደር ላይ ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። የመጀመሪያ ሳሙናዬን የሸጥኩትም ከእሱ ሱቅ ወስጄ ነው። በኋላ ሸሪክ ሆንና ሳሙና፣ ዘይትና የላስቲክ ጫማ ጭነን፣ የሊማሊሞን ገደል ወርደን፣ ዛሪማን አልፈን አዲ አርቃይ እናራግፍ ነበር።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዕቃው ለሁለት ማኪና ይከፈላል፤ አንዱ ዛሬ ይሄዳል፣ አንዱ ነገ። ሰውም እንደ ዕቃው ነው። እኔ ከፊተኛው ጋር፣ አያ ከኋለኛው ጋር። አንዳችን ገደል ብንገባ የቀረው የሁለታችንንም ቤት ያስተዳድራል።

"ምነው አብረን ብንሄድ?" ይለኛል። "አንተ አጠገቤ ካለህ ሬዲዮ አያስፈልገኝም።"

"አብረን ከሞትን ልጆቹን ማን ያበላል?"

"እንግዲያው ቅደም። ገደሉ አሁንም እዚያው ካለ ደውልልኝ።"

ብድር ልንጠይቅ ባንክ ስንሄድ የብድር ሠራተኛዋ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። ለመያዣ ያቀረብነው የአያን ቤት ነበር፤ እሷ ግን ከቤቱ ይልቅ ሕጉን ወደደችው። "ሌላው ተበዳሪ ስለ ትርፍ ነው የሚነግረን። እናንተ ቢጎድልስ ብላችሁ ታስባላችሁ" አለች። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ስወጣ በሩ ጠበበኝ።

ክረምት ሲገባ፣ እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜ አዲ አርቃይ ደርሼ አራግፌያለሁ። አያ በማግስቱ ጠዋት ከደባርቅ ደወለ።

"ጉም ነው፤ ቀስ ብለን እንወርዳለን። ሽሮ እዘዝልኝ።"

የእሱና የእኔ ሥጋ ስለማይገናኝ፣ መንገድ ላይ ከአንድ ትሪ የምንበላው ሽሮ ብቻ ነበር። አዘዝኩ። ሽሮው ቀረበ፤ አያ አልመጣም። ስደውል ስልኩ አይጠራም። ከዛሪማ በኩል የመጣ ሾፌር ገብቶ ለምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሊማሊሞ ኩርባው ላይ የጭነት ማኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቷል፣ ሳሙና በሳሙና ሆኗል ብሎ ነገራት።

"ሰውስ?" አልኩት።

"ሾፌሩ ተርፏል" አለኝና ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

ያገኘሁትን ማኪና ይዤ ሄድኩ። ተራራው ሥር ስደርስ ፖሊስ አቆመን፤ ከዚያ በላይ ማኪናም ሰውም አያልፍም። ከላይ በኩል የነበሩት ሰዎች አያን አንስተው ወደ ጎንደር ወስደውታል። በእነሱ ሥርዓት ሬሳ አያድርም። እኔን ከቀብሩ ያስቀረኝ መንገድ ላይ የተጋደመው የገዛ ማኪናችን ነው።

የአያ ሚስት ራሷ ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ ሊጠብቁህ አልቻሉም" አለች። ወንድሟ ስልኩን ከፍቶ መቃብሩ ዘንድ ያዘልኝ። ጸሎቱን ሰማሁ፤ ከዚያ አፈሩን። እኔ ገደሉን ወደ ላይ እያየሁ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጨምቄ ቆሜ ነበር። አፈሩ ካለቀ በኋላም አልዘጋሁትም።

ሌላው ሁሉ እንዳሰብኩት ሆነ። የፊተኛው ማኪና ዕቃ ተሸጦ ብድሩ ተከፈለ፤ ቤቱም ከመያዣ ወጣ። እሷና ልጆቹ ይኖሩበታል። የሱቁን ድርሻዋን በየወሩ አደርስላታለሁ። በሩን ከፍታ መጀመሪያ የምታየው ከኋላዬ ነው፤ ብቻዬን መምጣቴን ገና አልለመደችውም።

ዘንድሮ ባንኩ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ ለአዳዲስ ተበዳሪዎች ሥልጠና ሰጠ። የብድር ሠራተኛዋ "ካንተ የተሻለ የሚያስረዳ የለም" ብላ ጠራችኝ፤ እውነቷን ነው። ዕቃህን በሙሉ ለአንድ ደንበኛ በዱቤ መስጠት ሚስትህን ለጎረቤት አደራ ብለህ መሄድ ነው ስላቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥዬ የሁለቱን ማኪና ሕግ ነገርኳቸው፤ የአያን ነገር ግን አላነሳሁም። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር በተግባር ሠርቶ ያውቃል?"

"ሠርቷል" አልኳት።

ቀልድ የምቀጥል መስሏቸው ፈገግ እንዳሉ ጠበቁኝ። እኔ ግን ዞሬ ከኋላዬ አየሁ። የብድር ሠራተኛዋ ተነስታ ማይኩን ከእጄ ተቀበለችኝ።