ከዳር ነው የማጠምደው

ዓሣ የማጠምደው ከዳር ነው። ጀልባ ላይ ወጥቼ አጥምጄ አላውቅም፤ ወደፊትም የምወጣ አይመስለኝም። ሰዎች ፍርሃት ነው ይላሉ። ፍርሃትም አለበት፤ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም።

የተወለድኩት ዳምቦያ ነው። እዚያ ዳገትና እንሰት እንጂ ሐይቅ የለም። በልጅነቴ በእኛ ቤት ዓሣ አይበላም ነበር። እናቴ ዓሣ ማለት የውኃ እባብ ነው ትል ነበር፤ እሷ ራሷ ግን አይታው አታውቅም። አራተኛ ክፍል ስጨርስ ትምህርቱን አቆምኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦዮ ሐይቅ አጠገብ ላለ ሰው ተዳርኩ። ባለቤቴ በቆሎና በርበሬ የሚያለማ ገበሬ ነው። ሐይቁን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ጎርፍ የተኛበት ማሳ መስሎኝ መቼ ነው የሚደርቀው ብዬ ጠየቅኩ። የባለቤቴ ዘመዶች እስካሁን ይስቁብኛል።

ማጥመድ የጀመርኩት ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ፣ በርበሬው በበሽታ በተመታ ዓመት ነው። ሴት መንጠቆ ይዛ ውኃ ዳር ስትቀመጥ ያየ ሰው በአካባቢው ስላልነበረ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። ዘንጌ ሸምበቆ ነው፤ ክሩ ናይሎን። ዓሣው መብላቱን የሚያሳየኝን ተንሳፋፊ የምሠራው ካለቀ ነጠላ ጫማ ቆርጬ ነው። ትሉን ከእንሰቱ ሥር እቆፍራለሁ። ከዓሣዎቹ ቆሮሶ ጠዋት ጠዋት ዳር ወዳለው ደንገል ይጠጋል፤ አምባዛ ጭቃ ይወዳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ መቀመጥ ብቻ ነው።

ከተቀመጥኩበት የቤቴ ጣሪያ ይታየኛል። ልጅ ሲያለቅስ ዘንጉን ጭቃው ላይ ሰክቼ እሄድ ነበር። ስመለስ አንዳንዴ ዓሣው ራሱ ተይዞ ይጠብቀኛል። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ግን ልጁ ቢታመም፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ የሚመጣው ጀልባው ሲመጣ ነው። ከዳር የሚገኘው ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ለቤት በቅቶ የተረፈውን ወደ ሆሳዕና በሚሄድ ሚኒባስ እልካለሁ። መናኸሪያው አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች፣ በተለይ ዓርብ ዓርብ፣ ይቀበሉኛል። እኛ ካቶሊኮች ስለሆንን ዓርብ ሥጋ አንበላም፤ ስለዚህ የዓሣ ቀን የትኛው እንደሆነ ደህና አድርጌ አውቃለሁ።

ጀልባ ላይ የወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማዶ ለቅሶ ለመድረስ ነው። ጠርዙን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቀዛፊው «እናት፣ ሲጨብጡት ያጋድላል፤ ይልቀቁት» አለኝ። ለቀቅኩት። ወደ ታች ሳይ ውኃው ደፍርሷል፤ ጀልባውን የያዘው ነገር አይታየኝም። ማዶ ደርሼ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ለሟቹ መሰላቸው። ስመለስ በእግሬ ሐይቁን ዞሬ መጣሁ፤ ቤቴ ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር።

የማወራው ግን ስለዚህ አይደለም፤ የታላቋ ልጄ ጋብቻ በዚህ ነገር ሊቀር ስለነበረበት ጊዜ ነው።

ልጄ ቦኖሻ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የወደደችው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ በጀልባና በመረብ የሚያጠምድ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹንም አውቃቸዋለሁ። በኅዳር ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የቁምስናችን ካቴኪስት ነበሩ፤ ልጆቼን ሁሉ ክርስትና ያስተማሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው። ቆመው ጠየቁ፤ ባለቤቴ እንደ ደንቡ «ከቤተሰብ ጋር ልምከርበት» ብሎ ቀጠራቸው።

በቀጠሮው ቀን መጥተው ሲቆሙ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ባለቤቴ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

«ከዳር ያጥምድ» አልኩ። «ጀልባውን ይተውና ልጄን ይውሰድ።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ማነው የተናገረው?» አሉ ካቴኪስቱ፣ ድምፄን እያወቁ።

«የልጅቱ እናት ናት» አለ ባለቤቴ ወለሉን እያየ። «ውኃ ትፈራለች።»

«እንግዲህ ቃል ከወጣ ወጣ። ሳንቀመጥ እንሄዳለን፤ ለልጁ እንነግራለን» አሉና ወጡ። ቆጮው ቀርቦ ነበር፤ ማንም አልነካው።

በእኛ ዘንድ በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር እንደ ዋዛ አይመለስም። ማታ ባለቤቴ «አዋረድሽኝ» ብቻ ብሎ ተኛ። ልጄ ግን አልተኛችም።

«እማዬ፣ የምታገቢው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«የምታገቢው አንቺ ነሽ። ውኃ ዳር ቆመሽ የምትጠብቂውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ አልፈራም።»

«እስካሁን ስላልጠበቅሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም ማለት ይቻላል። «ጨው አለ?» ትለኛለች፤ «የለም» እላታለሁ፤ በዚሁ ይቆማል። ሌላ ሰው እንደማታገባ ለአባቷ ነግራዋለች። ካቴኪስቱም በሌላ ሰው በኩል ልከውብኝ ነበር፦ ከዐቢይ ጾም በፊት ካልሆነ እስከ ፋሲካ ማግባት አይቻልም፤ ልጁም ተስፋ እየቆረጠ ነው። ሰማሁ። ዘንጌን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

የገና ሰሞን አንድ ጠዋት ተቀምጬ ሳጠምድ ልጁ ራሱ መጣ። ዘንግ ይዟል፤ አዲስ ነው፤ ቅጠሉ እንኳ በደንብ አልተመለመለም። አማች የሚሆን ሰው አማቱ ፊት አይቆምም፤ ዓይን ለዓይንም አይተያዩም። ስለዚህ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ወደ ውኃው ዞረ። እኔም ወደ ውኃው እንደዞርኩ ነበርኩ። ቤት ቢሆን አንድም ቃል ባልተነጋገርን ነበር።

«እንደምን አደሩ» አለ ለሐይቁ።

«ደህና» አልኩ እኔም ለሐይቁ።

ክሩን እንደ ድንጋይ ወረወረው። ውኃው ተንቦጫረቀ፤ አጠገቤ የነበረው ቆሮሶ ሁሉ ሄደ።

«ይይዝልዎታል?»

«ዝም ብትል ይይዝልኝ ነበር።»

ከመረብ በቀር ይዞ አያውቅም፤ በየደቂቃው ክሩን እያወጣ ትሉን ያያል።

«እናቴ፣ ጀልባውን የሚፈሩት ለምንድን ነው?»

«ይገለበጣላ።»

«ዳሩስ ቢሆን? የሐይቁ ጉማሬ የሚወጣው እኮ ወደ ዳር ነው። ጀልባ ላይ ሣር የለም።»

«ጉማሬ የሚወጣው ሲመሽ ነው። እኔ ከምሳ በፊት እገባለሁ።»

ሳቀ። እኔም መሳቄን እንዳያይ ወደ ደንገሉ ዞርኩ።

«በል ተወው» አልኩት። «እዚህ ጋ ተቀመጥ። ቦታ ሞልቷል። ልጄን ውሰድ።»

ክሩን ከውኃው አወጣው።

«ብተወው ደስ ባለኝ። ግን አምስት ነን፤ ዋና የምችል እኔ ብቻ ነኝ። ያደግኩት ወንዝ ዳር ስለሆነ ነው። እነሱ ሲወድቁ እንደ ጆንያ ነው የሚወርዱት። ባለፈው ክረምት ነፋስ ተነስቶ አንዱ ወደቀ፤ በአንገትጌው ጎትቼ ነው ያወጣሁት። እኔ ከቀረሁ ማን ይጎትታል?»

«ይህን ለምን ለሽማግሌዎቹ አልነገርክም?»

«ብነግራቸው ኖሮ እርስዎ ይብስ እምቢ አይሉም ነበር?»

እውነቱን ነው፤ እል ነበር።

ምንም ሳይዝ ክሩን ዘንጉ ላይ ጠቅልሎ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን የያዝኩትን አላስታውስም። የአራቱንም እናቶች አውቃቸዋለሁ። አንዷ ቦኖሻ ገበያ ከእኔ አጠገብ ጨው ትሸጣለች፤ ፀሐይ ሲበረታ በአንድ ጥላ እንቀመጣለን። የእኔን ልጅ ባል ከጀልባ ሳወርድ የእሷን ልጅ ያለ አውጪ ልተወው ነው። በሚቀጥለው ገበያ «ልጅሽ እንዴት ነው?» ብዬ እንዴት እጠይቃታለሁ? ይህን ለሁለት ሳምንት ያህል ሳሰላስል ከረምኩ። ከዚያ ለባለቤቴ «ሽማግሌዎቹን ጥራቸው» አልኩት።

«እሺ ልትዪ ነው?»

«ጥራቸው።»

መጡ፤ ቆሙ። ከመጋረጃው ጀርባ ተናገርኩ።

«ጀልባው ላይ ይቀጥል። ግን ከሠርጉ በፊት ጀልባዋ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዋና ይልመድ። ያስተምራቸው። እኔ ዳር ሆኜ አያለሁ። ሁሉም ሲችሉ ልጄን ይውሰድ።»

ካቴኪስቱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከኋላቸው የቆመው ሽማግሌ በሳቅ ተንከተከተ።

«እንግዲህ» አሉ ካቴኪስቱ፣ «በጥሎሽ ብርድ ልብስ ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ ላም ሲጠየቅ አይቻለሁ። ዋና ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አባትየው ምን ይላሉ?»

ባለቤቴ ወደ መጋረጃው አየ። «እኔም መልመድ አለብኝ?» አለ።

«አንተ ጀልባ የለህም» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ፤ ተቀመጡም። ያን ቀን ቆጮው ተበላ።

የዋና መማሪያውን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከብት የሚጠጣበት፣ መሬቱ ጠንካራ የሆነ፣ ከጉማሬዎቹ የራቀ። ሰዓቱም ቀትር፣ ከብቱና ሰው ሲበዛ። ባዶ ጀሪካን ወገባቸው ላይ በገመድ ታሰረላቸው። መጀመሪያ ቀን ማንም አላየንም። በሁለተኛው ግን መንደሩ ሰምቶ ዳሩ ሞላ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ማጠባቸውን ትተው ተቀመጡ።

«ሙሽራው የቱ ነው? ሁሉም አውልቋል!»

«አንቺ፣ ልጅሽን ለአንድ የምትድሪ መስሎን ነበር፤ አምስት አሰለፍሽ!»

«ያ ወፍራሙ ጀሪካኑን ሊያሰጥመው ነው፣ እዩት!»

ወፍራሙ ከአምስቱ በዕድሜ ታላቅ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ባለፈው ክረምት ከውኃ የተጎተተውም እሱ ነበር። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ለመዱ። የጨው ነጋዴዋ ልጅ አንድ ቀን ጀሪካኑን ፈትቶ ውኃው ውስጥ ከተተከለው አንዱ እንጨት እስከ ሌላው ደረሰ፤ እናቱ ከገበያ መጥታ ነበርና እልል አለች። እኔ እልል አላልኩም፤ ተመልሶ እስኪመጣ እያየሁት ነበር። ወፍራሙ ግን ጀሪካኑ ሲፈታ ይወርዳል። ሁልጊዜ ይወርዳል። አማቼ ሆዱን በእጁ ደግፎ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፤ አረፋ ብቻ ይወጣል።

ጾሙ ቀረበ። ልጄ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በሐይቁ በኩል እየዞረች ቆማ ታያቸዋለች። አታናግረኝም፤ ግን አጠገቤ ትቆማለች። አንድ ቀን ወፍራሙ እንደገና ሲወርድ «እማዬ፣ አራቱ አይበቁም?» አለችኝ በዝግታ።

«የእሱ ልጆች አራቱ ይበቁናል ይላሉ?»

ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። ያን ጊዜ ቃሌን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ልጄን በቀኝ፣ የእሱን ልጆች በግራ አስቀምጬ ስመዝን፣ ወፍራሙ ራሱ ከውኃው ወጣ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ጀሪካኑን እየጎተተ ፊቴ ቆመ። እሱ አማቼ ስላልሆነ ሊያየኝ ይችላል።

«እናቴ፣ እኔ የተፈጠርኩት ለመስመጥ ነው» አለኝ። «እርስዎ ያሉት ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ ይልመድ ነው አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያው አልወጣም። መረቡን ከዳር እጎትትላቸዋለሁ፣ ዓሣውን እበልታለሁ፣ ወደ ሆሳዕና የሚላከውን አሸክማለሁ። የቀረኝን ጊዜ እዚህ ከእርስዎ ጋር አጠምዳለሁ። ቦታ አለ?»

ጓደኞቹ ተያዩ። አማቼ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ነበር፤ እኔን ላለማየት ወደ ማዶ ዞሯል፤ ጆሮው ግን እዚህ ነው።

«ድርሻው እንዳይቀነስበት» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን።

«አይቀነስም!» አለ አማቼ ለማዶው፣ እየጮኸ።

«አለ፤ ቦታ አለ» አልኩት ወፍራሙን።

ልጄ የዚያን ዕለት ማታ ጨው አልጠየቀችኝም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ ልብሷ፣ ስለ ሚዜዎቿ፣ ከዳምቦያ ስለሚመጡት ዘመዶቼ እንቅልፍ እስኪጥለኝ አወራችኝ። ሠርጉ ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሆነ። ካቴኪስቱ በምርቃታቸው መሃል ከውኃም ይጠብቃችሁ አሉ፤ ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን አሜን ያልኩት ከልቤ ነው።

አሁን ወፍራሙ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ማጥመድ ለምዷል፤ ወሬው ግን ዓሣ ያርቃል። ጀልባዋ ስትወጣ አያታለሁ፤ ስትመለስም ገና ሩቅ ሳለች ዓይኔን ጨፈን ከፈት እያደረግኩ ላይዋ ያሉትን እለያለሁ።

«አይድከሙ» ይለኛል። «ቆጥሬያቸዋለሁ። አራት ናቸው።»

እሺ እለዋለሁ። እኔም ደግሜ እቆጥራለሁ።